ጥርሱ ያልታየ በሬ፣ የዘይት ወረቀቱ ያልታየ ቱርቦ

ኪርያት ጋት ውስጥ አንድ ወጣት ያገለገለ መኪና ሲገዛ ቀለሙን የሚመርጠውም በዋጋው የሚስማማውም እሱ ነው። የብድሩ ወረቀት ላይ ዋስ ሆነው የሚፈርሙት ግን ብዙ ጊዜ አባት፣ አጎት ወይም አያት ናቸው። መኪናው ከሦስትና ከአራት ወር በኋላ መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ደግሞ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሽማግሌ ቤት ይገባል። ሻጩ ዘመድ ነው፣ ገዢውም ዘመድ ነው። አንዱ "ደህና መኪና ነው የሸጥኩለት፣ እሱ ነው የገደለው" ይላል። ሌላው "በሽታውን እያወቀ ነው የሸጠኝ" ይላል። በመሬት ድንበር፣ በጋብቻና በካሳ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰዎች በፒስተንና በካቴና ላይ ፍረዱ ይባላሉ።

ሽማግሌ መካኒክ እንዲሆን ማንም አይጠብቅም። ነገር ግን የማኅበረሰቡ ሽማግሌዎች አንድ ቀላል ደንብ ቢያወጡና ቢጸኑበት ከእነዚህ ጥሎች ብዙዎቹ ሳይወለዱ ይቀራሉ። ደንቡም ይህ ነው፦ የዘይት ቅያሪው ወረቀት ሳይታይ፣ ሞተሩ በብርዱ ሳይነሳ፣ መኪናው በገለልተኛ የምርመራ ጣቢያ ሳይፈተሽ ለቱርቦ መኪና ዋስ አለመሆን። ምክንያቱ ቱርቦ ክፉ ነገር ስለሆነ አይደለም። የቱርቦ መኪና በሽታ እንደ መብረቅ ድንገት ከሰማይ አይወርድም፤ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ምልክት አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም ሥሩ አንድ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ቱርቦው ከየት መጣ

ከሃያ ዓመት በፊት ትንሽ የቤተሰብ መኪና ላይ ቱርቦ ማየት ብርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2009 እስራኤል "አረንጓዴ ግብር" የተባለውን አሠራር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ አዲስ መኪና ሲገባ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ መኪናው አየሩን በሚበክልበት መጠን ይወሰናል። አውሮፓም በበኩሏ በፋብሪካዎቹ ላይ የጭስ ገደብ ጣለች። ፋብሪካዎቹ ያገኙት መላ ሞተሩን አሳንሶ ቱርቦ መጨመር ሆነ። ድሮ 1.8 ወይም 2.0 ሊትር የነበረው ሞተር 1.4 ሆነ፣ ከዚያ 1.2፣ አልፎም ባለ ሦስት ፒስተን 1.0 ሊትር። ጎልፍ፣ ኦክታቪያ፣ ሊዮን፣ ፎከስ፣ ፔዦ 308፣ ሲትሮየን ሲ 4፣ ሼቭሮሌት ትራክስ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ሄደዋል።

በእስራኤል ብዙ አዲስ መኪና መጀመሪያ የሚገዛው በሊዚንግ ኩባንያ ነው። ሦስት ዓመት ገደማ ተነድቶ ለሕዝብ ይሸጣል። ከዚያ ወደ ሁለተኛ፣ ወደ ሦስተኛ፣ ወደ አራተኛ እጅ ይሻገራል። ልጁ ከሠራዊቱ ወጥቶ ሥራ ሲጀምር ወይም አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያ መኪናቸውን ሲፈልጉ አቅማቸው የሚፈቅደው ይህንኑ መኪና ነው። ስምንት ወይም አሥር ዓመት የሞላው፣ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሄደ፣ ግን ሲታይ ያማረ፣ ሲነዳ እንደ ፈረስ የሚዘል መኪና። ዋጋው ደግሞ በዚያው ዕድሜ ካለው ቶዮታ ይቀንሳል። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ዋጋው የቀነሰው ገበያው የሚያውቀው ነገር ስላለ ነው።

ዘይቱ ደሙ ነው

ቱርቦ ምንድን ነው ለሚሉ አባቶችና እናቶች ነገሩ ውስብስብ አይደለም። ሞተሩ ቤንዚን አቃጥሎ የሚያወጣው ትኩስ ጭስ ድሮ በማርሚታ ወጥቶ ይበተን ነበር። ቱርቦ ይህን ጭስ ጠልፎ አንዲት ትንሽ መዘውር ያዞርበታል። ከእሷ ጋር በአንድ ዘንግ የተያያዘችው ሌላዋ መዘውር ደግሞ ንጹሕ አየር አፍና ወደ ሞተሩ ትገፋለች። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ትንሹ ሞተር የትልቁን ጉልበት ያገኛል።

ዋጋው ግን ሙቀት ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ወደ ቱርቦው የሚመጣው ጭስ 900 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ዘንጉ በደቂቃ እስከ 200 ሺህ ጊዜ ሊሽከረከር ይችላል። እንዲህ የሚዞረው ዘንግ ብረት ለብረት እንዳይነካካ የሚጠብቀው በጣም ቀጭን የሆነ የዘይት ንጣፍ ብቻ ነው። ዘይቱ ያለሰልሳል፣ እዚያው ላይ ሙቀቱንም ይሸከማል። በጎንደር አገር ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጡ የኖሩ አባቶች ይህን ለማስተዋል ትምህርት ቤት አያስፈልጋቸውም። ብረት በእሳት ውስጥ ምን እንደሚሆን፣ እንዴት መቀዝቀዝ እንዳለበት ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በጎንደር መንገድ ላይ ኤንትሬና ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪናን የሚያስታውሱ ሰዎች "ያ ሞተር እኮ ስንቱን ቻለ" ይላሉ። እውነት ነው፣ የድሮው ሞተር ይቅር ባይ ነበር። ትልቅ፣ ከባድና ዝግተኛ ስለሆነ ዘይቱ ቢዘገይም ይታገሣል። የዛሬው ትንሽ ቱርቦ ግን ቂመኛ ነው። የዘይቱን ቅያሪ ያዘገዩበትን ቀን መዝግቦ ይይዝና ሒሳቡን ከሁለት ዓመት በኋላ ከሌላ ባለቤት ላይ ይቀበላል። የጥሉ ሁሉ ምንጭ ይሄ ነው፤ ያጠፋው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው።

የኪርያት ጋት አነዳድም ለዚህ ሞተር አይመችም። ጠዋት ከቤት እስከ ባቡር ጣቢያ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ገበያ ደርሶ መመለስ አጭር መንገድ ነው። ሞተሩ ደህና አድርጎ ሳይሞቅ ይጠፋል፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። በሌላ ቀን ደግሞ በሐምሌ ሙቀት በመንገድ 6 ላይ በፍጥነት ተነድቶ ይመጣና ደጃፍ ላይ እንደቆመ ወዲያው ይጠፋል። በዚያ ሰዓት ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት መዞሩን ያቆማል፣ ያርና እንደ ከሰል ይጠነክራል። ይህ ሲደጋገም ቀጭኑ የዘይት መተላለፊያ ይደፈናል፣ ቱርቦው በጥማት ይሞታል። መድኃኒቱ ገንዘብ አይጠይቅም፦ የመጨረሻዎቹን ኪሎ ሜትሮች በዝግታ መንዳት፣ ከረጅም መንገድ ወይም ከዳገት በኋላ ሞተሩን ለአንድ ደቂቃ ያህል እንደተነሳ ትቶ ከዚያ ማጥፋት።

የፋብሪካው መጽሐፍ ብዙ ጊዜ ዘይት በየ15 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በየዓመቱ ይቀየር ይላል፤ ለአንዳንድ መኪና በአውሮፓ እስከ 30 ሺህ የሚፈቅድም አለ። ዕድሜው ለገፋ ቱርቦ፣ በሞቃት አገር፣ በአጭር መንገድ ለሚመላለስ ሰው በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንዴ፣ ቀድሞ የመጣውን ይዞ መቀየር አስተማማኝ ነው። ዘይት ሁሉ ደግሞ አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለሞተሩ የፈቀደው የዘይት መለያ ቁጥር አለው፣ እሱም በመጽሐፉ ላይ ተጽፏል። ሙሳኽ ሄዶ "ርካሹን አድርግልኝ" ማለት ለቱርቦ መኪና መርዝ መጋት ነው።

የታወቁት በሽታዎች

የመጀመሪያው የካቴና በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ገደማ በጎልፍ፣ በኦክታቪያና በሊዮን ላይ የገባው የፎልክስቫገን 1.4 ቲ.ኤስ.አይ ሞተር ውስጡ በካቴና የሚዞር ነበር። ካቴናው ይለጠጣል፣ የሚወጥረውም ክፍል ይደክማል። ምልክቱ ጠዋት ሞተሩ በብርዱ ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ መንኳኳት ነው። ካቴናው ጥርስ ከዘለለ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ ያን ጊዜ የሚከፈለው ለጥገና ሳይሆን ለሌላ ሞተር ነው። ፋብሪካው ራሱ በኋላ በወጣው የሞተር ትውልድ ካቴናውን ትቶ በቺንጋ ተክቶታል። ከዚሁ ጎራ በድርብ የአየር መግፊያ የሠራው ኃይለኛው 1.4 ሞተር ደግሞ ፒስተኑ በመሰንጠቅ ስም አውጥቷል።

ሁለተኛው በዘይት ውስጥ የሚሠራ ቺንጋ ነው። የፎርድ 1.0 ኢኮቡስት እና የፔዦና የሲትሮየን 1.2 ፒውርቴክ ሞተሮች የታይሚንግ ቺንጋቸው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው የሚዞረው። ዘይቱ ካረጀ ወይም ያልተፈቀደ ዓይነት ከተጨመረ ቺንጋው ይረጥባል፣ ይላላጣል፣ ስብርባሪው ወርዶ የዘይት ፖምፓውን ማጥለያ ይደፍናል። የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ቱርቦውም ሞተሩም አብረው ይታመማሉ። በፔዦውና በሲትሮየኑ ላይ ፍሬን የሚያግዘው የአየር መሳቢያም በዚሁ ስብርባሪ ሊጎዳና ፍሬኑ ሊከብድ ይችላል። ይህ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ፎርድ በአሜሪካ ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ባለ 1.0 ሊትር መኪኖችን በዘይት ፖምፓ ቺንጋ ምክንያት ጠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የፔዦና የሲትሮየን ባለቤት የሆነው ስቴላንቲስ በአውሮፓ የፒውርቴክን ዋስትና እስከ 10 ዓመት ወይም 175 ሺህ ኪሎ ሜትር አራዝሟል። ይሁንና ፋብሪካው ዋስትናውን የሚሰጠው መኪናው በሥርዓት ሰርቪስ እንደተደረገለት ወረቀት ለሚያሳይ ሰው ነው። እንደገና ወረቀት!

ሦስተኛው በሽታ ሞተሩ ላይ ሳይሆን ካምቢዮው ላይ ነው። ከትናንሾቹ የፎልክስቫገን ቱርቦዎች ጋር የሚመጣው ባለ ሰባት ማርሽ ዲ.ኤስ.ጂ ካምቢዮ ሁለት ደረቅ ፍሪሲዮን አለው። መንገድ ላይ ሲፈጥን ግሩም ነው፤ ጥቂት ሄዶ መቆም፣ ጥቂት ሄዶ መቆም በሚበዛበት የከተማ መንገድ ግን ፍሪሲዮኑ ይነዳል። ማርሹን የሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ክፍልም ይበላሻል። እ.ኤ.አ. በ2013 ፎልክስቫገን በቻይና ብቻ በዲ.ኤስ.ጂ ጉድለት ከ384 ሺህ በላይ መኪኖችን ጠርቷል። ምልክቱ መኪናው በዝግታ ሲነሳ መንቀጥቀጥ፣ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲያልፍ መግጨት፣ አንዳንዴም የማርሽ ምልክቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ነው። የሚሸጥ ሰው "አመሉ ነው፣ ለምደኸው ትተወዋለህ" ይላል። ካምቢዮ አመል የለውም፤ ያለው በሽታ ነው።

አራተኛው የውኃ ጉዳይ ነው። ትንሽ ሞተር ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣ የማቀዝቀዣው ውኃ ትንሽ ከጎደለ ጊዜ አይሰጥም። በሼቭሮሌት ክሩዝና ትራክስ 1.4 ቱርቦ ላይ የውኃ ፖምፓ ማፍሰስ የታወቀ ነው፤ በዚያው ሞተር የሞተሩን ውስጣዊ ትንፋሽ የሚያስተናግደው ቫልቭ ሲበላሽም ሞተሩ ዘይት መጠጣትና ማፏጨት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ የፎርድ ኢኮቡስት ሞተሮች ላይ ደግሞ አንዲት ቀጭን የውኃ ቱቦ እየፈነዳች ስንቱን ቴስታታ አጣመመች። በኪርያት ጋት በጋ የሙቀት ምልክቱ ሲበራ "ቤት ልድረስና አየዋለሁ" ማለት የለም። የዚያ አንድ ኪሎ ሜትር ዋጋ አንድ ሞተር ሊሆን ይችላል።

አምስተኛው ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። አዲሶቹ ቱርቦዎች ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ፒስተኑ ክፍል ስለሚረጩ በመግቢያው ቫልቮች ላይ የሚያልፍ፣ እነሱን የሚያጥብ ቤንዚን የለም። ስለዚህ እንደ ጥላሸት ያለ ካርቦን ይከማቻል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይንተፋተፋል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ይህን ማጽዳት ይቻላል፤ ዋጋውም ከቱርቦ መቀየር በጣም ያነሰ ነው። ገዢው ግን ከመግዛቱ በፊት ሊያውቀው ይገባል።

ቱርቦው ራሱ ሲደክም ደግሞ ድምፅና ጭስ ይናገራሉ። ሲፈጥን እንደ አምቡላንስ የሚያለቅስ ድምፅ የዘንጉን መላላት ያመለክታል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጭስ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለውና ውኃውም ከጎደለ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ያሳያል። ጥቁር ጭስ ከሆነ ነዳጁ ከልክ በላይ ነው።

ቴስት ማለፍ ጤና አይደለም

በማኅበረሰቡ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ቴስት ትናንት ነው ያለፈው፣ ምን ትፈልጋለህ?" ይባላል። ዓመታዊው ቴስት የሚያየው ፍሬኑን፣ መብራቱን፣ መሪውን፣ ጎማውን፣ ከሥር ያለውን ብረትና ጭሱን ነው። መኪናው ዛሬ መንገድ ላይ ሌላውን ሰው እንዳይጎዳ ይጠይቃል። ካቴናው ተለጥጧል ወይ፣ ቺንጋው ተልጧል ወይ፣ ፍሪሲዮኑ ስንት ቀረው ብሎ አይጠይቅም። ሞተሩን ከፍቶ አያይም። ቴስት የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ የመኪናውን ዕድሜ ሁሉ የሚመሰክረው የሰርቪስ ወረቀት ነው።

ከመግዛት በፊት የሚደረግ ምርመራ ሌላ ነገር ነው። ማኾን ብዲካ በሚባለው የምርመራ ጣቢያ መኪናው በጥቂት መቶ ሻቅል ይፈተሻል፤ የቱርቦ፣ የካቴና ወይም የካምቢዮ ጥገና ግን ሺዎችን ይበላል። ጣቢያውን ገዢው ይምረጠው እንጂ ሻጩ አይምረጥለት። ወደ ጣቢያው ሲሄድም "ይህ ቱርቦ ነው፣ ኮምፒውተሩን አገናኙልኝ፣ የተሰረዘ የስህተት ምልክት ካለ፣ ካቴናውንና ካምቢዮውን እዩልኝ" ብሎ ስም ጠርቶ ይጠይቅ። ያልተጠየቀ ነገር ብዙ ጊዜ አይታይም።

"ዘመድ ነው" የሚለው ዋስትና

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ አሉ፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። አንዳንዶች "ከዘመድ ሲገዙ ወረቀት መጠየቅ ነውር ነው፣ እምነት ማጣት ነው" ይላሉ። ግን በአገር ቤት ገበያ በሬ የገዛ ሰው ሻጩ ዘመድ ቢሆንም አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያይ ነበር። ያስኬደዋል፣ ቀንበር ይለምድ እንደሆነ ይጠይቃል፣ "አመሉ እንዴት ነው?" ይላል። ይህን ማንም እንደ ስድብ አልቆጠረውም፤ እንዲያውም ጥርሱን ሳያይ የገዛው ነበር የሚሳቅበት። የዘይት ወረቀት የመኪና ጥርስ ነው። ቅን ሻጭ ወረቀቱን ሲጠየቅ ይደሰታል፣ ደህና አድርጎ መያዙን የሚያሳይበት እሱ ነውና። ዝምድናን የሚያፈርሰው ከሽያጩ በፊት የተጠየቀ ጥያቄ ሳይሆን ከሽያጩ በኋላ የተነሳ ክስ ነው።

ሌሎች ደግሞ "ቱርቦ የሚባል አትግዙ፣ ቶዮታ ግዙ በቃ" ይላሉ። ቱርቦ የሌለው ቀላል ሞተር ያለው መኪና ቸልተኛ ባለቤትን የበለጠ ይታገሣል፣ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው መኪና ሁለተኛ እጅም ሆኖ ውድ ነው፣ ሁሉም ቤተሰብ አይደርስበትም። ደግሞም ዘይቱ በጊዜው የተቀየረለት፣ በጥንቃቄ የተነዳ ቱርቦ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያልፋል። ችላ የተባለ ቶዮታም ይሞታል። ስለዚህ ምክሩ "ቱርቦ አትግዛ" ሳይሆን "ታሪኩን የማታውቀውን ቱርቦ አትግዛ" ቢሆን ወጣቱም ይሰማዋል። የማይቻለውን የሚከለክል ሽማግሌ አይሰማም፤ የሚቻለውን የሚያሳይ ይከበራል።

ሦስተኛው ክርክር የችኮላ ነው፦ "ዛሬ ካልወሰድነው ሌላ ሰው ይወስደዋል።" የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። የዋጋ ዝርዝሩን ከሌዊ ይጽሐቅ ላይ አይቶ፣ ከዚያ በብዙ ሺህ ሻቅል የቀነሰ ቱርቦ "እግዜር የሰጠው ነው" ከማለት በፊት የቀነሰበትን ምክንያት መጠየቅ ይገባል።

ዋስና አስታራቂ ምን ይጠይቁ

የሽማግሌው ጉልበት ያለው በፊርማቸው ነው። ልጁ ብድሩን መክፈል ካቃተው ባንኩ ወደ ዋሱ ይመጣል። ሕጉ ለግለሰብ ዋስ አንዳንድ ከለላ ቢሰጥም ዕዳውን አያጠፋውም፤ በጡረታ ገንዘብ የሚኖር ሰው የቆመ መኪና ዕዳ ቢሸከም የሚጎዳው መላው ቤት ነው። ስለዚህ ፊርማ የተጠየቁ ሰው በትሕትና ግን በጽናት የሚከተሉትን ማየት ይችላሉ።

የሰርቪሱ ወረቀት ከነቀኑና ከነኪሎ ሜትሩ ይቅረብ። በሁለት ቅያሪ መካከል 25 ሺህ ወይም 30 ሺህ ኪሎ ሜትር ካለፈ እዚያ ላይ ቀዳዳ አለ። የጨመሩት ዘይት ዓይነት በደረሰኙ ላይ ይታይ። መኪናው ሲታይ በማለዳ ይታይ፤ ገዢው ከመድረሱ በፊት ሻጩ አስነስቶ ካሞቀው ጠዋት የሚሰማው የካቴና መንኳኳት ይደበቃል። ይህን ለማወቅ እጅን ኮፈኑ ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ቀዝቃዛ ሞተር አይዋሽም። የዘይቱና የውኃው ልክ ይታይ፣ የዘይት መክደኛው ሲከፈት ውስጡ እንደ ወተት የነጣ አረፋ ካለ ይጠየቅ። ከዚያ መኪናው በከተማው ውስጥ በዝግታ፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ በፍጥነት ይነዳ፤ የካምቢዮ በሽታ በዝግታው፣ የቱርቦው በፍጥነቱ ይታያል። የፋብሪካ ጥሪ ያልተፈጸመበት እንደሆነ በሰሌዳ ቁጥሩ በመጓጓዣ ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ የልጅ ልጅ በአንድ ደቂቃ ያወጣዋል። ከሊዚንግ የወጣ ከሆነ ሰርቪሱ ብዙ ጊዜ ተሟልቶ ይገኛል፤ የነዳው ሰው ግን የራሱ መኪና እንዳልነበረ ማስታወስ ያሻል።

ሽማግሌ አስታራቂ ሆነው ሲቀመጡም ጥያቄው "ማን ዋሸ?" ከመሆን በፊት "በሽያጩ ቀን ምን ተነገረ፣ ምን ተጻፈ?" ቢሆን ይሻላል። የእስራኤል ሕግም ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ያገለገለ መኪና ሽያጭ ሕግ የመኪና ነጋዴ ስለሚሸጠው መኪና ታሪክና ሁኔታ ለገዢው በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል። በግለሰቦች መካከል ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1973ቱ የውል ሕግ አለ። በዚህ ሕግ መሠረት በሕግ፣ በልማድ ወይም እንደ ሁኔታው መነገር የነበረበትን ነገር መደበቅ እንደ ማሳሳት ይቆጠራል፣ በዚያ ተሳስቶ የተዋዋለውም ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። አለመግባባቱ ካልበረደ ለትንንሽ የገንዘብ ክሶች የተቋቋመው ፍርድ ቤት በሩ ክፍት ነው።

በዚያ ሕግ ውስጥ "በልማድ" የምትለዋ ቃል ለሽማግሌዎች ትልቅ ነገር ናት። ልማድ በክነሴት አይወጣም፤ ሰዎች በመካከላቸው ያቆሙታል። በኪርያት ጋት ማኅበረሰብ ውስጥ መኪና የሚሸጥ ሰው የሰርቪሱን ወረቀት አብሮ እንዲያስረክብ፣ የሚያውቀውን በሽታ በሁለት መስመር ጽፎ እንዲፈርም፣ ገዢውም ተቀብሎ እንዲፈርም ልማድ ቢደረግ ወረቀቱ ሁለቱንም ይጠብቃል። ሻጩን "ደብቀሃል" ከመባል ያድነዋል፤ ገዢውንም ከኪሳራ። "ካቴናው ጠዋት ያንኳኳል፣ ስለዚህ ከዋጋው ይህን ያህል ቀንሻለሁ" ብሎ የተናገረ ሰው በአደባባይ ይመስገን እንጂ ሞኝ አይባል። ሐቀኛ ሻጭ በማኅበረሰቡ ፊት ከከሰረ ነገ ማንም እውነት አይናገርም።

ይህን ለመጀመር ስብሰባም በጀትም አያስፈልግም። ለሰንበት ቡና የተሰበሰቡ አምስት ወይም ስድስት ሽማግሌዎች "ከእንግዲህ ወረቀት ሳናይ ለመኪና አንፈርምም" ቢሉና አንዱም ባያፈነግጥ በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣቱ ሳይጠየቅ ወረቀቱን ይዞ መምጣት ይጀምራል። ወረቀት የሌለው ሻጭም ዋጋውን ለመቀነስ ወይም ገዢ ለማጣት ይገደዳል። ያን ጊዜ ዘይቱን በጊዜው መቀየር የመካኒክ ምክር ብቻ መሆኑ ያበቃል፤ መኪናውን አንድ ቀን መሸጥ የሚያስብ ሁሉ ለራሱ ሲል ያደርገዋል።